መስመሩ ሳይሰመር ሰፈሩን ጠይቁ

በከተሞቻችን ኗሪ ስለ ሰፈሩ ፕላን የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ፕላኑ ካለቀ በኋላ ነው። ድሬዳዋም ከዚህ አላመለጠችም። ሰው ይጠራል፣ ሥዕል ያያል፣ ያጨበጭባል፣ የታሸገ ውሃውን ይዞ ይወጣል። ቃለ ጉባኤው ላይ "ኅብረተሰቡ ተወያይቶ ተስማምቷል" ተብሎ ይጻፋል። አለቀ።

እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር የወደፊቱ ሰፈራችን ይታያል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ፣ ብስክሌት የሚነዱ ወጣቶች አሉ፣ በሰልፍ የቆሙ ዘንባባዎች አሉ። ያምራል፣ አይካድም። አንዲት እናት እጃቸውን አወጡና "ልጄ፣ ከጀርባችን ያለው ቦይ የት ገባ?" አሉ። ሥዕሉ ላይ ቦይ የለም። "ጥያቄዎ ተይዟል" ተባሉ። አጠገቤ የነበረ ጎረምሳ "አቦ፣ በዚያው ቦዩንም ይያዙልን" ብሎ ሰዉን አሳቀው።

ሴትየዋ ግን የቀልድ ነገር አልጠየቁም። ድሬ ላይ የውሃ መንገድ የሕይወት ጉዳይ ነው። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴ ሸራ ዘርግቶ ይሸጥበታል፣ መንገደኛ ያቋርጥበታል። እኛ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ግን ድንገት ሊደርስ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ገደለ። በሺዎች የሚቆጠሩትን ከቤታቸው አፈናቀለ። ከዚያ ወዲህ ወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ጥሩ ነው። ግንቡ ግን በየሰፈሩ ውስጥ ለውስጥ የሚሄደውን ውሃ አይመልሰውም።

እሱን የሚያውቀው ኗሪው ነው። አንዳንድ ግቢ በሩ ላይ ከፍ ያለ የሲሚንቶ ደፍ ታያላችሁ። ለጌጥ የተሠራ አይደለም፤ አንድ ክረምት ውሃ ገብቶ ፍራሽ ካበሰበሰ በኋላ የተጨመረ ነው። የአጥሩን ሥር ትንሽ በስቶ ውሃ የሚያሳልፍ ጎረቤትም አለ። መሐንዲሱ በበጋ መጥቶ በመሣሪያ ሲለካ ቀዳዳዋ እዚህ ግባ የምትባል ነገር አትመስለውም። እሷ ላይ ግንብ ከቆመ ግን ያ ሁሉ ውሃ የማን ሳሎን እንደሚገባ ሰፈርተኛው በስም ይነግራችኋል።

ሌላው ጥላ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልናደድ፤ ለምን ሥዕሉ ሁሉ ዘንባባ ብቻ እንደሚሆን አይገባኝም። ዘንባባ ሥር ማን ተቀምጦ ያውቃል? ቀይ አበባ የሚያወጣውን ሰፊ ዛፍ አገሬው "የድሬዳዋ ዛፍ" እያለ በእኛ ስም ይጠራዋል፤ እኛ ግን ዘንባባ እንድንተክል ይነገረናል። የድሬ ሰው ጠዋት በአንዱ የመንገድ ጎን፣ ከሰዓት በሌላው ጎን ነው የሚሄደው። የጥላ ጉዳይ ነው። ይህን ለማወቅ ትልቅ ጥናት አይጠይቅም፣ ባጃጅ ተራ ላይ ተሳፋሪ የሚጠብቀውን ልጅ ማናገር ይበቃል። አንድ ትልቅ ዛፍ ሲቆረጥ ሻይ የምታፈላዋም፣ ተራ አስከባሪውም፣ ቤታቸው የሞቃቸው ሽማግሌዎችም አብረው ይነሳሉ። ካርታው ላይ ግን የተነሳው አንድ ዛፍ ነው።

እንዲያው ለነገሩ ድሬ ለፕላን አዲስ አይደለችም። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 በአውሮፓ አቆጣጠር እዚህ ደረሰ። ሐረር ተራራ ላይ መውጣቱ ከባድና ውድ ስለነበር ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። የከዚራ ሰፈር በቀጥታ መስመር የተቀየሰችው ያኔ ነው። ወንዙ ማዶ መጋላን ግን ሰዉ ራሱ እንደ ኑሮው ሠራት። ሁለቱንም እንወዳቸዋለን። ዛሬ ነፃ የንግድ ቀጠናውም፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም፣ የኮሪደር ልማቱም መጥቷል። ከተማዋ እንደገና እየተቀየሰች ነው ማለት ነው። አሁን ግን በሜዳው ላይ ሰው አለ።

ሕጉም ይህን አይክድም። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የነዋሪውን ተሳትፎ ከመርሆቹ አንዱ አድርጎታል። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ የሚነሱ ባለይዞታዎች መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት ምክክር እንዲደረግ ደንግጓል። አቅሙ ካላቸው በፕላኑ መሠረት ይዞታቸውን ራሳቸው እንዲያለሙ ቅድሚያም ሰጥቷል። መሬቱ በአስቸኳይ ከተፈለገ ግን ጊዜው ሊያጥር ይችላል። አስቸኳይ ያልሆነ ፕሮጀክት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አዋጁ "ባለይዞታ" ሲል ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ ይለኛል። አንድ የመጋላ ግቢ ውስጥ ስንት አባወራ እንዳለ የምታውቁት ታውቃላችሁ። ቧንቧው አንድ፣ መጸዳጃው አንድ፣ ተከራዩ ብዙ። ስብሰባ ሲጠራ የሚሄደው ካርታ ያለው ሰው ነው። ማታ ማታ በሩ ላይ ሳንቡሳ ጠብሳ ልጆች የምታሳድገው ተከራይ አትጠራም። ብትጠራም ሰዓቱ የገበያ ሰዓት ነው፣ ወይም ከምሳ በኋላ ከተማው በሙቀት የሚያሸልብበት። ቋንቋውም አለ። ግማሹ ሰው በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ነው የሚያስበው፤ ማብራሪያው ግን በአማርኛ፣ ያውም በቢሮ አማርኛ ይነበባል።

መንገዱ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ድሬ አፎቻ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር አላት፣ እድር አላት። ሰው ሲሞት ወዲያው ሰፈሩን ሰብስበው፣ ድንኳን ተክለው፣ ወንበር ደርድረው የሚያድሩ ሰዎች አሉ። ረቂቁ ገና በእርሳስ እያለ ለእነሱ ይሰጥ። ሁለት ሳምንት ይቆይ። ባለሙያው ከእነሱ ጋር ሰፈሩን በእግሩ ይዙር፤ አንድ ጊዜ በቀትር፣ አንድ ጊዜ ዝናብ በጣለ ማግስት። ከዚያ ተመልሶ የቱን ሐሳብ እንደተቀበለ፣ የቱን እንደጣለና ለምን እንደጣለው ይናገር። "አይሆንም" ማለት ይቻላል። ምክንያቱ ግን ይጻፍ።

ኗሪ ሁሉ ቅን ነው እያልኩ አይደለም። መንገዱ ይስፋ ብሎ ጮሆ ሲያበቃ "በጎረቤቴ በኩል" የሚል ሞልቷል። በስብሰባ ከሁሉ በላይ የሚናገረው ሰውዬ ደላላ ሆኖ ሊገኝም ይችላል። የመጨረሻውን ውሳኔ ባለሙያው ይወስን፣ ደመወዝ የሚበላው ለዚያ ነው። ግን ሰምቶ ይወስን።

ጊዜ የለንም የሚሉ አሉ። ኮብልስቶን ተነጥፎ ሳይውል ሳያድር ለቱቦ ሲቆፈር ያየ ሰው ግን ጊዜው የት እንደሚሄድ ያውቃል። በአንድ ሰፈር ብቻ ይሞከር። ቀጣዩ ረቂቅ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ተጽፎ ሰው በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከሥሩ የባለሙያው ስም፣ የሚገኝበት ሰዓትና አስተያየት የሚዘጋበት ቀን ይጻፍበት።