ሕዝብ ሲሉ ማንን ነው?

ሕዝብ ሁሉንም ይጠቀልላል የሚባል ቃል ነው። ታሪኩን ላየው ግን ደጅ የሚያስቀረው ሰው አጥቶ አያውቅም።

በግእዝ የሕዝብ ብዙ ቁጥር አሕዛብ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ አሕዛብ የተባሉት ከእስራኤል ውጪ ያሉት ናቸው። በአማርኛችንም ቃሉ «አረማዊ» ማለት ሆኖ ቀረ። አንድ ሲሆን እኛ፣ ሲበዛ እነሱ! የዐረብኛው ዘመዱ ሒዝብ ደግሞ ጭራሽ ፓርቲ ማለት ነው። (እኛም አገር ራሱን ከሕዝብ የማይለይ ፓርቲ ስለማይጠፋ ብዙ አይገርምም።)

ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለዓድዋ ክተት ሲያውጁ የተጣሩት «ያገሬ ሰው» ብለው ነው። ያን ሁሉ አገር አንተ እያሉ፣ ፊታቸው እንደቆመ አንድ ሰው ያናግሩታል። ጉልበት ያለህ በጉልበትህ፣ የሌለህ በሐዘን እርዳኝ ይላሉ። ወስልቶ የሚቀረውን «አልተውህም» ብለው ይዝቱበታል። ዛቻው ቀላል አይደለም። ቢሆንም ወስላታው ያው ያገር ሰው ነው፤ ባዕድ አላሉትም።

ደርግ መጣና «ሰፊው ሕዝብ» አለ። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ጭሰኛው መሬት አግኝቷልና ቃሉ ባዶ ነበር አይባልም። ግን «ፀረ ሕዝብ» የሚል መንትያ ይዞ ነው የመጣው። በቀይ ሽብር ይህ ታርጋ የተለጠፈበት ሰው ምን እንደገጠመው ይታወቃል። የሚገርመው፣ በየመንገዱ የተረሸነው የኢሕአፓ ወጣትም በድርጅቱ ስም መሀል ያችኑ «ሕ» ይዞ ነበር። የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ። ገዳይም ሟችም በሕዝብ ይምሉ ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» ብሎ ይጀምራል። ብዙ ሰው ሕዝብ ለምን «ሕዝቦች» ሆነ እያለ ሲከራከር ኖሯል። እኔን የሚከነክነኝ አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5 ነው። ሦስቱን ቃላት አንድ ላይ ይፈታቸዋል፦ የጋራ ቋንቋ፣ የሥነ ልቦና አንድነት፣ በአብዛኛው የተያያዘ መልክዐ ምድር። ከጉራጌ አባትና ከኦሮሞ እናት መርካቶ ተወልዶ በአማርኛ ያደገ ሰው እዚህ ውስጥ የት ጋ ነው? «እኛ» ሲባል እሱም አለ ማለት ነው?

ዛሬም በየስብሰባው «የሕዝቡ ጥያቄ ነው» የሚል አይጠፋም። ያኔ እጅ አውጥቶ «የትኛው ሕዝብ? መቼ ጠየቀ? ቃለ ጉባኤው የታለ?» ማለት እንደ ድፍረት ባይቆጠር ጥሩ ነበር።