ማስተካከያ፦ የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ገቢና የብር ምንዛሪ

የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ «ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ውስጥ ገበያው ቀዘቀዘበት» ተብሎ በዚህ ዓምድ የቀረበው እንዲህ ተስተካክሎ ይነበብ።

የቀነሰው የብር ገቢው ወደ ውጭ ገንዘብ ሲመነዘር የሚያወጣው ዋጋ ነው። ካርድና ዳታ የሚሸጠው በብር ነው፤ የኬንያው እናት ኩባንያ ሂሳቡን የሚዘጋው ግን በሽልንግ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ያኔ 1 ቢሊዮን ብር 17.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ያወጣል። ምንዛሪው ከዚያ በኋላ በደረሰበት በ120 ብር ሲሰላ ወደ 8.3 ሚሊዮን ይወርዳል። ደንበኛው ያው፣ ካርዱ ያው!

ብዙ ሰው የሚስተው ዕዳውን ነው። ለውጭ አቅራቢ በዶላር የሚከፈል ዕዳ፣ አንድ ዶላር ሳይጨመርበት በብር ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ይህ ልዩነት በኪሳራ ይመዘገባል፤ ከሽያጭ መቀዝቀዝ ጋር አይገናኝም።