ብብት ሁሉ ከመጠረጉ በፊት

ከሞጣ ወይም ከቢቸና መጥታ ለጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና የምትተኛ ሴት ጡቷ ብቻ አይደለም የሚያሳስበው። ካንሰሩ ወደ ብብቷ ዕጢዎች ተሻግሯል ወይስ አልተሻገረም? ሐኪሞች ሊምፍ ኖድ የሚሏቸው፣ ሲያብጡ ሕዝቡ ንፍፊት የሚላቸው እነዚህ ዕጢዎች በአንድ ብብት ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ይደርሳሉ። መልሱን እዚያው ቀዶ ክፍል ውስጥ ማወቅ ካልተቻለ የሚቀረው አማራጭ «ለማንኛውም» ብሎ ብብቱን ጠርጎ ማውጣት ነው። ክርክሬ በዚህ «ለማንኛውም» ላይ ነው፤ ጥቂት ዕጢዎችን ብቻ አውጥቶ እዚያው መመርመር ይቻላል።

ብብቱ የተጠረገ ክንድ ፈሳሹ የሚመለስበትን መንገድ ያጣል። ከ5 ሴቶች የአንዷ ገደማ ክንድ ያብጣል። እብጠቱ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ሊጀምር ይችላል፤ አንዴ ከጀመረ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጨርሶ አይለቅም። ጥቂት ዕጢዎች ብቻ ሲወጡ ግን ይህ ከ20 ሴቶች ወደ አንዷ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ለጎጃም ገበሬ ሴት ትልቅ ነው። ጤፍ የምታጭደው፣ ጀሪካን የምትሸከመው፣ ከጋለ ምጣድ እንጀራ የምታወጣው በዚያው ክንድ ነው። ያበጠ ክንድ ላይ ያረፈ የምጣድ ቃጠሎ ወይም የእሾህ ጭረት ቶሎ ያመረቅዛል፣ ያንቀጠቅጣል፣ እብጠቱንም ያብሰዋል።

ጥቂቶቹን ብቻ የማውጣቱ ዘዴ የቆመበት ሐሳብ ቀላል ነው። ከጡት የሚወጣ ፈሳሽ መጀመሪያ የሚደርሰው አንድ ወይም ጥቂት ዕጢዎች ጋ ነው፤ እነሱ የበር ዘቦች ናቸው። ዘቦቹ ንጹሕ ከሆኑ ከኋላቸው ያሉት የመነካታቸው ዕድል ትንሽ ነው። በሀብታም አገሮች ዘቦቹን ለማግኘት ቴክኒሺየም የተባለ ጨረራማ ንጥረ ነገርና ጨረሩን የሚያነብ መሣሪያ ከቀለም ጋር ይጠቀማሉ። ሆኖም አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም አርማንዶ ጁሊያኖና ባልደረቦቹ በጡት ካንሰር ላይ የሠሩትን እ.ኤ.አ. በ1994 ሲያሳትሙ በእጃቸው የነበረው ሰማያዊ ቀለም ብቻ ነበር። ቴክኒሺየም እስኪመጣ እንጠብቅ የሚለው ምክንያት ስለዚህ አያሳምነኝም። ፈለገ ሕይወት፣ ጥበበ ግዮንና ደብረ ማርቆስ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊነጋገሩበት የሚገባው ሜታይሊን ብሉ በሚባለው ሰማያዊ ቀለምና በማይክሮስኮፕ ስለሚሠራው መንገድ ነው።

ይህ ለሁሉም አይሆንም። ብዙ ሴቶች ዘግይተው ስለሚመጡ ብብታቸው ውስጥ የጠነከረ ዕጢ በእጅ ይዳሰሳል። ለእነሱ ከቀዶው በፊት ብብቱን በአልትራሳውንድ ማየትና በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ ይቀድማል። መርፌው ካንሰር ካሳየ ቀለም መውጋት ትርጉም የለውም። ዘቡን ፍለጋ ብብታቸው በዳሰሳም በአልትራሳውንድም ንጹሕ ለሆነላቸው ሴቶች ነው።

ታካሚዋ ማደንዘዣ ከወሰደች በኋላ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ሜታይሊን ብሉ በጡት ጫፍ ዙሪያ ካለው ጥቁር ክብ ሥር ይወጋል። መርፌው ቆዳው ውስጥ መቅረት የለበትም፤ እዚያ የቀረ ቀለም ቆዳውን ሊያሞተው ይችላል። ቀለሙ ለመርፌ የተዘጋጀና ከጀርም የጸዳ መሆን አለበት፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ለስላይድ (ለማይክሮስኮፕ መስታወት) የሚውለው ጠርሙስ ፈጽሞ አይነካም። ከዚያ ጡቱን 5 ደቂቃ ያህል ማሸት ነው። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያም አስቀድሞ ይነገረው፤ ቀለሙ ደም ውስጥ ሲገባ ጣት ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል፣ ኦክስጅኗ ሳይወርድ የወረደ ይመስላል። ለነፍሰ ጡርና አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችን ለምትወስድ ሴት ይህ ቀለም አይሰጥም።

ብብቱ በትንሹ ሲከፈት ሐኪሙ የሚፈልገው በስቡ መሀል የሚሄድ ክር የመሰለ ሰማያዊ መስመር ነው። መስመሩን ሳይበጥስ ተከትሎ ዕጢው ጋ ይደርሳል። ሰማያዊ የሆኑት ሁሉ ይወጣሉ። ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ያለው እዚህ ላይ ነው፦ በካንሰር የተሞላ ዕጢ ቀለሙን ላያስገባ ይችላል፤ ቀለሙ ዞሮ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ጣት ገብቶ መዳሰስ አለበት፣ ጠንካራ ሆኖ የተገኘ ዕጢም ሰማያዊ ባይሆን እንኳ መውጣት አለበት። በቀለም ብቻ ሲሠራ ከ10 ሴቶች በአንዷ ገደማ ዘቡ ጨርሶ ላይገኝ ይችላል፤ ያኔ ወደ ነባሩ ጠረጋ መመለስ ግድ ነው።

የወጣው ዕጢ ወዲያው ናሙና በማይክሮስኮፕ ወደሚመረምረው ሐኪም፣ ወደ ፓቶሎጂስቱ ይሄዳል። ዕጢውን በብርድ አጠንክሮ በስሱ መቁረጥ የተለመደ መንገድ ቢሆንም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚይዝ ማሽንና የማይቆራረጥ መብራት ይፈልጋል፣ ስብ የበዛበት ዕጢም በደንብ አይጠነክርም። የዕጢውን ሴሎች ስላይድ ላይ የማተሙ መንገድ ለእኛ ይቀርባል። ዕጢው ዙሪያ ያለው ስብ ይገፈፋል፤ ስቡ ካልተነሣ ሴሎቹ መስታወቱ ላይ አይያዙም። ዕጢው በየ2 ሚሊ ሜትር ይቆረጣል፣ ደሙ በጨርቅ ይመጠጣል፣ የተቆረጠው ገጽ ስላይድ ላይ አንዴ ተጭኖ ይነሣል። መጎተት ሴሎቹን ይጨፈልቃቸዋል። ስላይዱ በዚያው ቅጽበት 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ይገባል፤ በአየር ከደረቀ ሴሎቹ ያብጡና ይበላሻሉ። ቀለም ተቀብቶ መልሱ እስኪመጣ 20 ደቂቃ ያህል ይበቃል።

ይህ ምርመራ «ካንሰር አለ» ሲል እምብዛም አይሳሳትም። «የለም» ሲል ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ክምችት ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል፤ ሎቡላር የሚባለው የጡት ካንሰር ዓይነትም ሴሎቹ ትናንሽ ስለሆኑ ከዕጢው የራሱ ሴሎች ጋር ይመሳሰሉበታል። ስለዚህ የቀረው ዕጢ ናሙና እንዳይበላሽ በሚያቆየው 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ የመጨረሻው ውጤት መጠበቅ አለበት።

ካንሰር ከተገኘስ? እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ዜድ 0011 የተባለ ጥናት፣ ዕባጩ ከ5 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ጡታቸው ሳይወጣ ቀርቶ መላው ጡት ጨረር ያገኘና አንድ ወይም ሁለት ዘብ ዕጢ ብቻ የተነካባቸው ሴቶች ጠረጋው ቢቀርባቸው የመኖር ዕድላቸው እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ይህን ውጤት ደብረ ማርቆስ ላይ እንዳለ መገልበጥ ግን አደገኛ ነው። ጨረር የውሉ ግማሽ ነው። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ዛሬም ማዕከላቱ ጥቂት ናቸው። ዓባይ በረሃን ተሻግራ 300 ኪሎ ሜትር ሄዳ ለሳምንታት መመላለስ የማትችል፣ ወይም ጡቷ ሙሉ በሙሉ የወጣ ሴት ዘቧ ላይ ካንሰር ከተገኘ ብብቷ በዚያው ቀዶ ቢጠረግ ይሻላታል። የ20 ደቂቃዋ መልስ እዚህ ከሌላው አገር ይበልጥ የምታስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ሁለተኛ ቀዶ ማለት ሁለተኛ የመኪና ኪራይ፣ ሁለተኛ አስታማሚ፣ ምናልባትም ጨርሶ አለመመለስ ነው።

ስለዚህ ፈቃዷ ሲጠየቅ ሁለቱም መንገዶች በቀላል አማርኛ ይነገሯት፦ ጥቂት ዕጢ ብቻ ሊወጣ እንደሚችል፣ ከተገኘባት ግን ሳትነቃ ብብቷ ሊጠረግ እንደሚችል። ሽንቷ አንድ ሁለት ቀን አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ እንደሚሆንም ትወቅ፤ ሳይነገራት ካየችው ትደነግጣለች።

ሥራውን የሚጀምር ሐኪም ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 20 ሴቶች ዘቡን ካገኘ በኋላ እንደ ድሮው ብብታቸውን ይጥረግ። በየአንዳንዷ መዝገብ ላይ ዘቡ ተገኝቶ እንደሆነ፣ የስላይዱ መልስ ምን እንደነበር፣ የፎርማሊኑ ውጤትስ ምን እንዳለ ይጻፍ። ጠረጋውን ማቆም ያለበት መዝገቡን ቆጥሮ፣ ስንት እንዳመለጠው ካየ በኋላ ነው።