እርማት፦ የምትደበቅ ድመት ሁሉ አውሬ አይደለችም

ጋሼ፣ «ከጎታ ሥር የማትወጣ ድመት አውሬ ናት፤ በግድ ካልታቀፈች አትለምድም። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ብለዋል። ተረቱስ ጥሩ ነበር። ግን እዚያ የተባለው አመል አይጥ ማደን ነው እንጂ ፍርሃት አይደለም!

ድመት ሰውን በቀላሉ የምትለምደው ከተወለደች ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ያኔ የሰው እጅ ያልነካት ስታድግ ትሸሻለች። አንዳንዷ ጭራሽ አትለምድም፤ እዚህ ላይ እውነት አለዎት። እሷ ጎተራ ብትጠብቅ ይሻላታል። ሰው ለምዳ ቤት ስለቀየረች ወይም ስለተመታች የምትደበቀው ግን ሌላ ናት።

በግድ ሲያቅፏት እጅን መፍራት ነው የምትማረው። እኔ እዚህ ደብረ ማርቆስ፣ የሚወስዳት ሰው እስኪገኝ አንዲት ግራጫ ድመት አቆይቼ ነበር። ጠባብ ክፍል፣ መደበቂያ ካርቶን፣ በቃ። ምግቧን አስቀምጬ መሬት ላይ ቁጭ እላለሁ። አላፈጥባትም። ዓይኔን ቀስ ብዬ ጨፈን ገለጥ አደርጋለሁ። ሳህኑን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ እኔ አስጠጋሁት። በሦስተኛው ሳምንት ጉንጯን እጄ ላይ አሸች። ከዚያ ጎረቤት ለቡና ሲመጣ በሩን ክፍት መተው ጀመርኩ። እንግዳ ስታይ የምትጠፋን ድመት ማን ይወስዳል?

ደግሞ በግድ ሲይዟት ብትነክስዎ ቀልድ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ይተላለፋል። ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥበው በቶሎ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።