ዘፈን ድሮ ቀረ?

ባለፈው ሳምንት እዚህ ድሬዳዋ ከከዚራ ሰፈር ወደ ሳቢያን በባጃጅ ስሄድ አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ሹፌሩን "ይህን ጩኸት ቀንስልኝ ልጄ" አሉት። ቀነሰላቸው። ትንሽ ቆይተው "ዘፈን ድሮ ቀረ" አሉ። ልጁ በመስታወቱ አያቸውና "አቦ አባባ፣ ያኔም እኮ እንደዚህ ይባል ነበር" አለ። ሳቁ። ነገሩ ግን እኔን ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም።

ልጁ ልክ ነው። በ1950ዎቹ እዚሁ ድሬ የአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ወጣቶች በኦሮምኛ መዝፈን ሲጀምሩ ማን "ቅርስ" አላቸው? የጊዜው መንግሥት አገዳቸው እንጂ። ከመካከላቸው የወጣው አሊ ቢራ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ ግን አገር በሙሉ አለቀሰ። ይጫወትበት የነበረውን የክር መሣሪያ፣ ኡዱን፣ ዛሬ እንደ አያቶቻችን ዕቃ ነው የምናየው። ያኔ ለኦሮምኛ ዘፈን አዲስ ነገር ነበር።

ደግሞ ከድሮ የምናስታውሰው የተነጠረውን ነው። በሸክላ ዘመን የወጣው ሁሉ ጥሩ ነበር እንዴ? መጥፎውን ማንም ደግሞ አያጫውተውም፤ ስለዚህ ያልነበረ ይመስለናል። የዘንድሮን ዘፈን ግን ገና ከነገለባው ነው የምንሰማው።

ዘፈኑን የሚቀርጸው ደግሞ ዘፋኙ ብቻ አይደለም፤ የሚጫንበት ዕቃም ነው። የትንሿ ሸክላ አንዱ ገጽ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይዝም። ዘፈኑ ከረዘመ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በጀርባዋ ይገባ ነበር። ካሴት ሲመጣ ቦታው ሰፋና አሥር፣ አሥራ ሁለት ዘፈን በአንዴ መስማት ለመድን። አሁን በስልክ ነው። እንደ ስፖቲፋይ ያሉት አንድን ዘፈን "ተሰማ" ብለው የሚቆጥሩት 30 ሰከንድ ሲሞላው ነው። ታዲያ የትኛው አቀናባሪ ነው አንድ ደቂቃ ሙሉ በመሣሪያ ብቻ የሚያስጀምረው? ልጆቹ ትዕግሥት ስለሌላቸው አይመስለኝም፤ ሒሳቡ ነው።

ለሽማግሌውም ልፍረድላቸው። "ጩኸት" ያሉት ከመሬት ተነስተው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በስፔን ያሉ ተመራማሪዎች ከ1955 እስከ 2010 የወጡ ከ460 ሺህ በላይ የምዕራባውያን ዘፈኖችን በኮምፒዩተር መርምረው ነበር። ቅጂዎቹ ከዓመት ዓመት እየጮሁ፣ የድምፃቸው ቀለምም እየጠበበ መምጣቱን አገኙ። የእኛን ዘፈን አልመረመሩም። ግን የባጃጅ ስፒከር አጠገብ ለተቀመጠ ሰው ማስረጃ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

እውነት ለመናገር እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ የሙዚቃ ባንድ ነገር። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎችን የትሩምፔትና የሳክስፎን ድምፅ የጠገበ ጆሮ ዛሬ ቢራብ አይፈረድበትም። ይህ የትውልድ ጣዕም ስለተበላሸ የመጣ ግን አይደለም። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ነበር። ማታ የሚሠራ ሰው ማታ መውጣት ካልቻለ፣ አሥር ሰው ያለበትን ባንድ ማን ይቀልበዋል? ከዚያ ኪቦርድ መጣ፤ አንድ ሰው የአሥሩን ቦታ ያዘ። ሰዓት እላፊው ተነሳ፣ ኪቦርዱ ግን አብሮን ኖረ። አሁን እኛ ሰፈር ሠርግ ላይ ኪቦርዲስቱም እየቀረ ነው፤ ፍላሽ ይመጣል። "ወደቀ" ካላችሁኝ ይህን እቀበላለሁ። የወደቀው ግን ዘፈኑ ሳይሆን የተጫዋቹ እንጀራ ነው።

እኔ ራሴ ያደግሁት በዚያ በኪቦርድ ካሴት ነው። አባቴ "የቆርቆሮ ድምፅ" ነበር የሚሉት። ቴፑን በገዛ እጃቸው የዘጉበት ቀን ትዝ ይለኛል፤ ክሩ ተጠቅልሎ ተበላ፣ እኔም በእስክሪብቶ ሳጠነጥን አመሸሁ።

የባጃጁ ልጅ ሽማግሌውን ካወረደ በኋላ ፍላሹን ቀየረ። "ለአንቺ ደግሞ ኦልዲስ ላድርግልሽ" አለኝ። ያው የቆርቆሮ ድምፅ ነበር፤ እስከ ሳቢያን አብሬው ዘፈንኩ።