ሻይዋ ከቡና በኋላ መጣ

ስለ ስሪላንካዋ የኮረብታ ከተማ ኑዋራ ኤሊያ የተጻፈ አንድ የጉዞ ጽሑፍ አነበብኩ፤ «ትንሿ እንግሊዝ» ብሎ አሞግሷታል። እውነትም ታምራለች። በእ.ኤ.አ. 1894 የተሠራው ባለቀይ ጡብ ፖስታ ቤት ብቻውን እግር ያስራል። «ብርዱ አጥንት ይሰብራል» የሚለው ግን አሳቀኝ። ከፍታዋ ወደ 1,870 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ እኮ ትበልጣታለች! (ማታ ማታ ግን ጋቢዬ ናፍቆኝ ነበር፤ አልዋሽም።)

ጸሐፊው የዘለለው አንድ ነገር አለ። እነዚያ ኮረብታዎች ከሻይ በፊት የቡና አገር ነበሩ። ከእ.ኤ.አ. 1869 ጀምሮ የቡና ቅጠል ዝገት የሚባለው በሽታ ገብቶ እርሻውን አወደመው። ያኔ አገሩን ይገዙ የነበሩት እንግሊዞችም ፊታቸውን ወደ ሻይ አዞሩ። የቡና አገር ልጅ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ፣ ይሄን ስሰማ ሆዴ ባባ።

ደግሞ ስለ ቪላዎቹ ያን ያህል ከተጻፈ፣ ስለ ለቃሚዎቹ ሁለት መስመር ምን ነበረበት? ቅጠሉን የሚቀነጥቡት በአብዛኛው ታሚል ሴቶች ናቸው። አያት ቅድመ አያቶቻቸውን ለእርሻ ሥራ ከደቡብ ህንድ ያመጧቸው እንግሊዞች ናቸው። ብዙዎቹ ቤተሰቦች ዛሬም የሚኖሩት በዚያ ዘመን በተሠሩ፣ ግድግዳ በሚጋሩ ጠባብ ክፍሎች ነው።

የምትሄዱ ካላችሁ በባቡር ሂዱ። ናኑ ኦያ የሚባለው ጣቢያ ላይ ወርዳችሁ ባጃጅ ትይዛላችሁ። ዋጋውን ሳትነጋገሩ እንዳትገቡ፤ እኔ ተበልቻለሁ።