ቢጫው ከየት መጣ?

ስለ ቅቤ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ቅቤ ከወተት ይወጣል» ብሎ ነገሩን በአንድ መስመር አለፈው። እኔን ግን ሁሌም የሚገርመኝ ቀለሙ ነው። ላሟ የምትግጠው አረንጓዴ ሣር፣ ወተቷ ነጭ፣ ቅቤዋ ቢጫ! ቢጫው ከሣሩ የመጣ ነው፤ ካሮቲን ይባላል። ወተቱ ስብ ውስጥ ተሸሽጎ ይቆይና ሲናጥ ብቅ ይላል። ላሞቹ እርጥብ ሣር ሲጠግቡ ቅቤው ደመቅ የሚለውም ለዚህ ነው።

አያቴ እርጎውን በወይራ በታጠነ መናጫ ገልብጣ ወዲያ ወዲህ ስታደርገው ድምፁ ትዝ ይለኛል። መጀመሪያ ቿ ቿ ይላል። ቅቤው መያያዝ ሲጀምር ድምፁ ይወፍራል። ያኔ ዝም ብላ ታዳምጣለች፣ ሳትከፍተው ታውቀዋለች። ቅቤውን በእጇ ሰብስባ ታወጣና አሬራውን ለእኛ ለልጆች ትቀዳለች፤ ያመለጡ የቅቤ እንክብሎች ላዩ ላይ እየተንሳፈፉ።